የስልከኛዋ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ዓረፍተ ነገሮች

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ሴት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ሠርታለች። ፊቷን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ድምፅዋን ግን ሐኪሞቹም፣ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኞችም፣ የታመመ ዘመዳቸውን ፈልገው የሚደውሉትም ሁሉ ያውቁታል። «እባክዎ አይዝጉ፣ አገናኝዎታለሁ» ስትል የደዋዩ ትንፋሽ ረገብ ሲል ይሰማ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ስልከኛዋ ይላታል፤ ባሏ ሊያሾፍባት ሲፈልግ «ማዞሪያዬ» ይላት ነበር።

ማንቁርቷ ላይ ዕጢ በቅሎ ለምርመራ የገባች ዕለት፣ ሐኪሙ ገና ሁለት ቃል እንደ ተናገረች ከወረቀቱ ቀና አለ። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት። ዐሥራ አንድ ዓመት በስልክ ሰምቷታል። ፊቷን ያየው ግን ያንን ድምፅ ቆርጦ ለማውጣት ቀን በሚቆርጥበት ሰዓት ነበር።

«ከዚያ በኋላ እየጻፍሽ ትግባቢያለሽ» ሲላት የነገሩ ክብደት የገባት እሷ ብቻ ነበረች። ባሏ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ግልብጥ ፊደላትን ለኅትመት ሲደረድር የኖረ ሰው ነው፤ የተገለበጠ ፊደል ከቀጥታው ይልቅ ይቀናዋል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። የዓይን ግፊት ብርሃኑን ከወሰደበት ግን ሰባት ዓመት አልፎታል። እሷ የምትጽፈውን እሱ ማንበብ አይችልም።

ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት በየጠዋቱ የልብስ ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባባት ራሷን በተሰቀሉት ካፖርቶች መካከል ሸጉጣ፣ በስልኳ ድምፅዋን ቀረጸች። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። «ሻዩ ትኩስ ነው፣ ቀስ በል።» «መድኃኒትህን ወስደሃል?» «ዝናብ መጣ።» ባሏ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ሐሳብ ያቀብላታል።

«የቁጣሽንም ቅጂ እንጂ» አላት። «ካልተቆጣሽኝ ሰው ቤት በእንግድነት የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ አበዛኸው!» የሚለው አርባ አንደኛው የተቀረጸው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉንም እንደ ጥንት ማዞሪያዋ ቁልፎች በስልኩ ገጽ ላይ በረድፍ ደረደረቻቸው፤ አንዱን ስትነካ አንዱ ይናገራል። ሁለት መቶ ዐሥራ አራተኛውን የቀረጸችው ወደ ሆስፒታል በምትሄድበት ማለዳ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ «እዚህ ነኝ።»

ከሁሉም በላይ ያገለገለችው ይህችው ናት። ባሏ ከክፍል ወደ ክፍል በግድግዳ እየተመራ ሲሄድ «አለሽ?» ይላል፤ እሷ ቁልፏን ትነካለች፤ «እዚህ ነኝ» ይላል ቤቱ በእሷ ድምፅ። በቀን አርባ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ሰማንያ ስምንተኛው የተቀረጸው ለባሏ ታናሽ ወንድም ነበር፤ «ኢንጂነሩ፣ ጫማህን በር ላይ!» ፊደል ለቃሚው ይህን ወንድሙን ከልጅነቱ ጀምሮ አሳድጎ፣ አስተምሮ ለሥራ ያበቃው ነው። የወንድሙ ሥራ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል የማተሚያ ቀለም መለወጥና የይለፍ ቃላቸውን ለረሱ ሰዎች ማደስ ነው። ማዕረጉን የሰጠው ቤተሰቡ ነበር፤ እሱም አልመለሰም። ለወንድሙ የማያስቀረው አንድ ነገር ግን ነበረው። እሑድ እሑድ መጥቶ የሳምንቱን ጋዜጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማስታወቂያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ፊደል ለቃሚውም ሳምንቱን ሙሉ ያንን ቀን ይጠብቃል።

በሁለተኛው ዓመት ስልኩ መዘግየት ጀመረ። ቁልፉ ከተነካ በኋላ ድምፁ እስኪወጣ አራት ሴኮንድ ያልፋል። አራት ሴኮንድ ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም። «አለሽ?» ብሎ መልስ ያጣ ዓይነ ስውር ግን በአራት ሴኮንድ ሁለት ጊዜ ይጣራል፣ ይደነግጣል፣ ይነሣል። አንድ ቀን ተነሥቶ የጠረጴዛው ጥግ ቅንድቡን ተረተረው። «እዚህ ነኝ» የሚለው ድምፅ የወጣው እሱ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነበር።

ኢንጂነሩ ይህን የሰማው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው።

«እትዬ፣ በሽታው እኮ የታወቀ ነው» አላት፣ ስልኩን በእጁ እያገላበጠ። «ከፋብሪካ የመጡ፣ አልጠፋ ያሉ ፕሮግራሞች ሞልተውታል። ሩት ላድርግልሽና ጠራርጌ ላውጣቸው። ለምሳ ይደርሳል።»

ሩት ማድረግ ማለት አምራቹ በስልኩ ሥርዓት ላይ የጣለውን ቁልፍ ሰብሮ ሙሉ ሥልጣን መያዝ ነው። የሚሳካለት ሰው አለ፤ ሲበላሽ ግን ስልኩን ከነአካቴው ከመነሣት ያግደዋል። እሷ ይህን አታውቅም፤ መጠየቅ የሚገባትን ጥያቄ ግን ጠየቀች። ከማስታወሻ ደብተሯ ላይ «ድምፆቹ አይነኩም?» ብላ ጽፋ አሳየችው።

«እትዬ ደግሞ! ማንን ነው የምትጠይቂው?» አለ።

ይህ መልስ አልነበረም። እሷ ግን እንደ መልስ ተቀበለችውና አንድ ቁልፍ ነካች። ከአራት ሴኮንድ በኋላ ስልኩ «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለ። በዚያ ቤት ውስጥ በድምፅዋ የተነገረ የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።

ኢንጂነሩ ስልኩን ወደ ራሱ ቤት ይዞ ሄደ። የሆነው በቅደም ተከተል ይህ ነበር። ድምፆቹን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ሃያ ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ገመዱም በኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አልገለበጠም። ከኢንተርኔት ያወረደው ፋይል የተዘጋጀው የሞዴል ቁጥሩ በመጨረሻዋ ፊደል ለሚለይ ሌላ ስልክ ነበር፤ አላመሳከረም። ኮምፒውተሩ ልዩነቱን አይቶ «ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀው፤ ቀጥል አለው። ከስድስት ሰዓት በፊት የስልኩ ገጽ የአምራቹን ምልክት እያሳየ፣ እየጠፋ፣ እንደገና እያሳየ፣ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለ።

በዚያች ደቂቃ ግን ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱም ውስጡ ነበሩ። የተበላሸው ስልኩ የሚነሣበት ሥርዓት እንጂ ዕቃ የተቀመጠበት ክፍል አልነበረም።

ወደ ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ሮጠ። ጠጋኙ ከአልባሳት መደብር ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው የማያስቆም ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ አጉሊ መነጽሩን ከግንባሩ የማያወርድ ሰው ነው። የተበላሸ ስልክ ተቀብሎ ሠርቶ ሲመልስ «ፎቶዬስ? ቁጥሮቼስ?» እየተባለ ብዙ ጊዜ ስለተሰደበ፣ አንድ አሠራር አበጅቷል። ባለ ቅጂ ወረቀት አለው፤ ደንበኛው በገዛ እጁ ከሁለት አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ይፈርማል። «ውስጡ ያለው ይፈለጋል፤ ሦስት ቀን።» «ውስጡ ያለው አይፈለግም፤ አንድ ሰዓት።» የመጀመሪያው የዚያኑ ሞዴል ትክክለኛ ሥርዓት ፈልጎ፣ የተቀመጠውን ሳይነኩ መመለስን ይጠይቃል። ሁለተኛው ሁሉንም ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው።

ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ። ለምሳ ይደርሳል ብሎ ነበር። ሦስት ቀን ቢል አበላሸሁት ማለት ይሆንበታል። በሁለተኛው ላይ ምልክት አደረገና ፈረመ።

ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሙ ቤት ደረሰ። «በራ! አዲስ ሆኖ ነው የመጣው፣ እትዬ፣ እንደ እሳት ነው የሚፈጥነው!»

ተቀብላ ከፈተችው። ገጹ ንጹሕ ነበር። ረድፎቹ የሉም። ጣቷ የሚያውቀውን ቦታ ነካች፤ ምንም አልነበረበትም።

ከጓዳ «አለሽ?» አለ ባሏ።

ባዶውን ገጽ እንደገና ነካችው።

«አለሽ? ማዞሪያዬ?»

ስልኩን አስቀምጣ ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከእሷ የሰማው ይህን ብቻ ነው።

«ጠጋኙ ነው፣ ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «አስጠንቅቄው ነበር። እንዳትነካ ብዬው ነበር።»

«እግሩን እሰብረዋለሁ!» አለ ፊደል ለቃሚው፣ ደጃፉን ይዞ። «ሱቁ ድረስ አድርሱኝ እንጂ፣ እግሩን እሰብረዋለሁ!» ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ «ስትስቂ የተቀረጸችዋ ዓረፍተ ነገርስ? እሷም ጠፋች?» አለ።

በማግሥቱ እሑድ ኢንጂነሩ ሥራ አለኝ ብሎ አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ስልከኛዋ ደብተሯን ይዛ ወደ ደረጃው ሥር ሄደች። ጠጋኙ መናገር እንደማትችል ሲረዳ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ መጮህ ጀመረ።

«እናቴ! ምን! ልርዳዎት!»

«እሰማለሁ፤ አይጩሁ» ብላ ጻፈች።

አፈረ። ጉዳዩን አንብቦ ሲጨርስ ከመሳቢያው የወረቀቱን ጥራዝ አወጣና ቅጂውን ገነጠለላት። «እኔ የራሴንም አፍ የደንበኛንም አፍ አላምንም፣ እናቴ፤ ለዚህ ነው ይህን የያዝኩት። ሦስት ቀን ስጠኝ ብዬዋለሁ። ‹ምንም የለበትም፣ እንዲበራ ብቻ ነው የምፈልገው› አለኝ። ምን እንደነበረበት ቢነገረኝ ኖሮ…»

«አሁን ሊመለስ ይችላል?» ብላ ጻፈች።

ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዞ ሌሎች ደንበኞችን ውጭ አቁሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈለገ። መጨረሻ ላይ አጉሊ መነጽሩን አወለቀ። «ስልኩ የሚያስቀምጠውን ሁሉ በምሥጢር ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ሲደመሰስ ቁልፉም አብሮ ነው የጠፋው። ቢገኝ እንኳ የሚከፍተው የለም። ይቅር ይበሉኝ።» ያላጠፋው ሰው ነበር ይቅርታ የጠየቀው። ሌላ የጠየቀ የለም።

ቤት ስትደርስ ባሏ በሩ አጠገብ ተቀምጦ እየጠበቃት ነበር። «ምን አለሽ ያ ሌባ?»

አጠገቡ ተቀመጠች፤ መዳፉን ገልብጣ በጣቷ ጫፍ መጻፍ ጀመረች። አርባ ዓመት ፊደል በጣቱ የለቀመ ሰው ነውና፣ ወዲያው ገባው። ከዚያ አንድ በአንድ በመዳፉ እየተሰማው አነበበ።

«ጠ… ጋ… ቀስ በይ እንጂ… ኙ…»

በቀላሉ ከሚለየው ፊደል ጭራውን ብቻ ጻፈችለት፣ ያልለየውን ሁለት ጊዜ ደገመችለት። «ጠጋኙ ጥፋት የለበትም» የሚለውን ለማድረስ አራት ደቂቃ ፈጀባት። በድምፅዋ ቢሆን አንድ ትንፋሽ ነበር።

«ታዲያ ማነው?» አለ።

ወረቀቱ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ፊርማውም ግልጽ ነበር። ስሙ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ጣቷ መዳፉ ላይ ቆመ። የእሷ ድምፅ ከጠፋ ወዲህ ለዚህ ሰው የቀረለት የእሑዱ ጋዜጣ አንባቢ ድምፅ መሆኑን አሰበች። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችና መዳፉን ዘጋችው።

እሱም መልሶ አልጠየቃት።

ወረቀቱን አይቶ ማንበብ የሚችሉት በዚያ ቤት ሁለት ናቸው፤ አንዷ መናገር አትችልም፣ ሁለተኛው አይናገርም። በተከታዩ እሑድ ዘንቦ ነበር። ኢንጂነሩ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ጥቂት ቆመ፤ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ምንም አልተሰማም። ከነጫማው ገብቶ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረ።