የባንቺ ተዝካር እንጨት

ደግሰው ከአምደወርቅ የሁለት ሰዓት መንገድ የሚርቀውን፣ ዛፍ እንዳይቆረጥበት የተከለለውን ተራራ አሥራ አራት ዓመት ጠብቋል። ተራራው ሲከለል ከአናቱ ላይ ከተረፉት ሦስት ያረጁ ወይራዎች በቀር ራቁቱን ነበር፤ ቁጥቋጦው የተመለሰው በእሱ ዘመን ነው።

ደግሰውና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። ሚስቱ ባንቺ ጥቅምት መባቻ ላይ ከሞተች ወዲህ የሚያናግረው ተራራውን ብቻ ሆነ። አርባዋ ሲቃረብ ለጠላውም ለወጡም የሚሆን እንጨት ከየትም አጣ። ተዝካሯን በኩበት ጭስ ማውጣት ከበደው። አንዱን ወይራ ቆረጠ፣ ፈልጦ አደረቀው። ደጋሹ ጠባቂው ነውና እንጨቱን ከየት አመጣኸው ያለው ሰው አልነበረም።

በኅዳር ማብቂያ አንድ ንብ አናቢ ጉቶውን አገኘው። እንደ አገሩ ደንብ ወንዱ ሁሉ ለአውጫጭኝ ተጠራ፤ ጥፋተኛው ሳይገኝ ከሜዳው የሚነሣ የለም። በመጀመሪያው ቀን ቀልድ ነበር፤ አንዱ ዝንጀሮ ቆርጦት ይሆናል ሲል፣ ሌላው መጥረቢያውን ያዋስከው አንተ ነሃ ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ግን ዓይን ሁሉ ከሰል ሲያከስል ሁለት ጊዜ በተያዘው በአሳምነው ላይ አረፈ።

ደግሰው ተነሣ።

«እኔ ነኝ። ለባንቺ አርባ ነው የቆረጥሁት። ሁላችሁም በልታችኋል።»

ተዝካሩን የባረኩት ቄስ ኤርምያስ አንገታቸውን ደፉ። ወዲያው ሰው ሁሉ ይሟገትለት ጀመር፤ ለነፍስ ነው፣ አልሸጠው፣ ሐዘን ላይ ነበር። አሳምነው ሳይቀር፣ «አያ ደግሰው፣ ምን ያስጨንቅዎታል? አንድ ዛፍ ነው» አለው።

«የማዶውን ተራራ ያራቆተው ክፉ ሰው መሰለህ? አንዱ ልጁን ሊድር፣ አንዱ ጎጆ ሊወጣ፣ አንዱ ሙቱን ሊያስብ ነው። እኔም እያለቀስሁ ነው የቆረጥሁት፤ ወይራው ግን ያው ወደቀ። ዛሬ እኔን ካለፋችሁኝ፣ ነገ ሐዘን የሌለበት ቤት የትኛው ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ውለው ደንቡን አጸኑ፤ የቆረጠ ሰው ክልሉን አይረግጥም። ጥበቃውን ለአሳምነው ሰጡት፤ የሌባውን መንገድ ሁሉ ያውቃል ብለው።

በማግስቱ ጠዋት ደግሰውን እግሩ እንደለመደው ይዞት ወጣ። አሳምነው ከድንበሩ ላይ ነበር፤ ሲያየው ከመቀመጫው ተነሣ።

«አያ ደግሰው፣ ከዚህ አይለፉ።»

«ልክ ነህ» አለው። ሌላ የሚሄድበት አልነበረውምና ከድንበሩ ወዲህ ተቀመጠ። አሳምነው ወደ ቁጥቋጦው ገባ።