የጨዋ ልጅ ናት

ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ከታክሲ ስወርድ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ሐኪሙ ጠንካራ ማስታገሻ ከማዘዙ በፊት «በቤተሰብ ውስጥ መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ ያስቸገረው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደግፋኝ የገባችው አክስቴ ቀደመችኝ። «ምን ሲደረግ፣ የጨዋ ልጅ እኮ ናት» አለችው። አባቴን አረቄ እንደጨረሰው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ወንድሟ ነውና ከሁሉም በላይ እሷ ታውቃለች። እኔም አፍሬ አላረምኳትም፤ ሐኪሙም ክኒኑን አዘዘልኝ።

አጥንቱ ገጥሞ ያለ ክራንች መሄድ ከጀመርኩ በኋላም ክኒኑን አልተውኩትም። ሲከፋኝ እውጣለሁ፤ ሲያልቅብኝ ከጎረቤት የተረፈ እለምናለሁ። አንድ ጠዋት ባዶውን እሽግ ስፈትሽ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ አባቴ መለኪያ ሲያነሳ እንደዚያው ነበር።

ሐኪሙ ጋ ስመለስ አክስቴ እንደ ልማዷ አብራኝ ገባች። ውጪ ጠብቂኝ አላልኳትም፤ እንድትሰማ ፈልጌያለሁ።

«ዶክተር፣ አባቴ በአረቄ ነው የሞተው። እኔም ክኒኑን የምወስደው ለሕመም አይደለም። ሁለቱንም ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ።»

አክስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «አዋረድሽን» አለችኝ።

«ጨዋ ሰው አይዋሽም፣ አክስቴ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»