የመካኒኩ ጆሮ

ባለቤቴ አምቦ ውስጥ፣ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረችው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። የማስተምረው በጠዋቱ ፈረቃ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ደብተር ከማረም በቀር ሥራ አልነበረኝም፤ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እውነቱን ካላችሁ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የባለቤቴ ጆሮ ሆኜ ሠርቻለሁ።

ጆሮው የደከመው ቀስ በቀስ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ የወፍጮ ሞተር ሲጠግንና ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። እኔ የነቃሁት በጸሎት ላይ ነበር። ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግታ ስለነበር በየቤቱ እየተሰበሰብን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው። እሱ ብቻ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይዘምራል። ሰው ሁሉ በዓይኑ እኔን ይቆጣል። በክርኔ ጎሸም ሳደርገው ደግሞ ዜማው የጠፋበት ይመስለውና ይብስበታል። እዚያው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ቤት ስንገባ ግን አለቀስኩ።

"ለሰው እንዳትናገሪ" አለኝ። "ሞተር የማይሰማ መካኒክ ጋ መኪናውን የሚያመጣ ማን አለ?"

እውነቱን ነው። በዚያን ጊዜ የመካኒክ መሣሪያው ጆሮው ነበር። ያች ጋራዥ ከተዘጋች ደግሞ እሱ ቤት ተቀምጦ የሚውል ሰው አይደለም፤ በዓመቱ ይሞትብኝ ነበር።

ዘዴውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝ። ድምፅ የሚያሰማ መኪና ሲመጣ ባለቤቴ ለሾፌሩ "እየነዳሁ ልየው። መቼም ባለቤቴ ጉደር ዘመድ ልትጠይቅ ነው፣ በዚያው ላድርሳት" ይላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ጉደር ላይ ስንት አክስት እንዳፈራሁ እግዜር ይወቀው። ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ክንዱን እይዛለሁ። ጩኸቱ ሲጨምር ጫን፣ ሲቀንስ ለቀቅ አደርጋለሁ፤ የቀረውን እሱ ያውቀዋል። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር፤ እንደዚያ ተጠጋግተን የተቀመጥነው ግን በሠርጋችን ሰሞን ብቻ ነው። ግራሶ ግራሶ የሚሸት ክንዱን ይዤ፣ ጉደር ምነው ትንሽ ራቅ ባለች እል ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከጌዶ ቅቤና ማር እየጫነ የሚመላለስ ሾፌር ፒክአፑን አምጥቶ ቆሟል። የፊት ጎማው ያለቅሳል። ኩሽኔታው፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበት ውስጡ ጠጠር ብረት የተደረደረበት ቀለበት፣ ተበልቷል። መለዋወጫ እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ዘመን ነበርና አዲሱን ኩሽኔታ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ አንድ ወር ለምኖ ነው ያገኘው። በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል። ያለው እሱ ብቻ ነው።

የቀረው የታመመው የቀኙ ይሁን የግራው መለየት ነው። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ጩኸቱ ከባሰ የተበላው ቀኙ ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከባሰ ደግሞ ግራው ነው። ይህን ከባለቤቴ ተምሬ ከእሱ በላይ ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። ሾፌሩን ጋራዡ ውስጥ ትተነው ወጣን። በእኔ በኩል ያለው መስኮት ተበላሽቶ አይዘጋም። መንገዱ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር በቀኜ ያለው ገደል ድምፁን እየመለሰ ጆሮዬ ውስጥ ያስገባዋል። እኔም ያንን ሰምቼ ክንዱን ጫን አደረግሁ። ደግሜ ጫን አደረግሁ።

ተመለስንና በቀኝ በኩል ክሪክ አስገብቶ ጎማውን ፈታ። አሮጌውን ኩሽኔታ አውጥቶ በቤንዚን አጠበው፤ ጣቱ ላይ አድርጎ አዞረው። አንዴ ቆም አለና ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ። አቀርቅሮ የአዲሱን ቀለበት ቦታው ላይ አስቀመጠ፤ መዶሻውንም አነሳ። ያ ቀለበት አንዴ ተመትቶ ከገባ ወጥቶ ለሌላ ጎማ አይሆንም።

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋ። "ኦቦሌቲ፣ ከን ቢታቲ" አለኝ በኦሮምኛ፤ እህቴ፣ የግራው ነው ማለቱ ነው። ቀጠለና በአማርኛ፣ "ጠዋት ነግሬው ነበር። ግን ጎንበስ ብሎ ሳለ ከጀርባው ሆኜ ነው የነገርኩት። ሁላችንም ፊት ለፊቱ ቆመን ነው የምንነግረው፤ ዛሬ ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ።

"ሁላችሁም?" አልኩት።

"የጌዶም፣ የሸነንም ሾፌር" አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ያን ሁሉ አክስት በከንቱ ነው የፈጠርኩት። ግን ማፈሪያ ጊዜ አልነበረም፤ መዶሻው ተነስቷል። "ቆይ" አልኩ። ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ አልሰማም። ከዚያ ስልሳ ተማሪ ዝም በማሰኝበት ድምፅ፣ "ተው፣ ግራው ነው" ብዬ ጮኽኩ።

መዶሻውን አስቀመጠና ዞረ። "ምን ያስጮህሻል? ደንቆሮ አይደለሁም" አለ።

ማንም አልሳቀም። ሾፌሩ ዞሮ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለና ረጋ ብሎ፣ "ግራው ነው፣ ኦቦ" አለው። ባለቤቴ የሾፌሩን አፍ አየ፤ እኔን አየ፤ መልሶ ሾፌሩን አየ። ያኔ ገባው። እጁን በጨርቅ ረጅም ጊዜ ጠረገ። አሁን ተነስቶ ጋራዡን ይዘጋል ብዬ ፈራሁ።

"አንተም ታውቃለህ?" አለው።

"እናውቃለን።"

"እያወቃችሁ ነው መኪና የምታመጡልኝ?"

"ታዲያ ለማን እንውሰድ?" አለ ሾፌሩ።

ባለቤቴ ወደ መኪናው ዞረ። የቀኙን እንደነበረ ገጠመና ግራውን ፈታ። ኩሽኔታው ተፈርፍሮ ወጣ። "ቀኙ ደህና እንደነበር እጄ ነግሮኝ ነበር" አለኝ ግራሶውን በመዳፉ እያሸ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ስለው፣ "አንቺ ቀኝ ካልሽ ምን ላድርግ?" አለ። ይህን ሰው ምን ባደርገው ይሻላል?

ከዚያን ቀን ወዲህ መደበቅ ቀረ። የክንዱን ነገር ለሾፌሮቹ ራሱ አስተማራቸው። በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ጋራዡ በር ላይ ስደርስ አንድ ፒክአፕ አለፈኝ። ባለቤቴ ይነዳል፤ አጠገቡ አንድ የሸነን ሾፌር ክንዱን ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱም ይስቃሉ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ከልቤም ነው ያልኩት። ከዚያ ገብቼ ደብተሮቹ ፊት ተቀመጥኩና ቅናት አንገበገበኝ።