ለስልሳ ክፍል ስልሳ ቅጂ

በማሠልጠኛው ኃላፊ ንግግር መሀል የኔትወርኩን መስመር በመቀስ የቆረጠችው እትዬ ገመድ ናት ይባላል። የደረጃ ዕድገት ስለተከለከለች ቂም ቋጥራ ነው አሉ። መቀሱን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ የሚልም አለ፤ እጀታው ቀይ ነው ብሎ ቀለም እስከ መቀባት የደረሰ።

ውሸት ነው። ያን ሰዓት እትዬ ገመድ ምድር ቤት ሰርቨሮቹ ፊት ቆማ፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ነበር። መቀስ ቀርቶ ጥፍር መቁረጫ አልያዘችም። እትዬ ገመድ ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የማሠልጠኛውን ኔትወርክ አሥራ አንድ ዓመት እንደ ልጇ ይዛዋለችና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሠልጠኛው ሁለት ሕንፃ አለው፤ መሀላቸው መኪና መንገድ ያልፋል። በዋናው አዳራሽ የሚሰጠው ትምህርት በማዶው ሕንፃ ስልሳ ክፍሎች ስክሪን ላይ በቀጥታ ይታይ ተብሎ ታዘዘ። “ከተበላሸ ከቦታሽ ትነሻለሽ” አሏት ኃላፊው፣ ለማበረታታት ያህል። ሁለቱን ሕንፃ የሚያገናኘው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቢበዛ ሃያ ቪዲዮ ቢሸከም ነው።

እትዬ ገመድ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ደብዳቤ ጻፈች፦ ራውተሩ ላይ መልቲካስት ልክፈት፣ ይፈቀድልኝ። በዚያ ቤት መረጃን በየመንገዱ የሚመራው ሣጥን፣ ራውተሩ፣ ፈቃድ ሳይፈረም አይነካም።

ኃላፊው እዚያ ወንበር ላይ የደረሱት ከመዝገብ ቤት ተነስተው ነው። ለሳቸው ተላከ የሚባለው የተቀባዩ ስም የተጻፈበትና ተቀባዩ የፈረመበት ብቻ ነው።

“ለማን ነው የሚላከው?” አሏት።

“ለቡድን አድራሻ ነው ጌታዬ። አንድ ቅጂ ብቻ ይወጣል። ማየት የፈለገ ክፍል ‘እኔም አለሁበት’ ብሎ ይመዘገባል፤ ራውተሩም መንገዱ የሚለያይበት ቦታ ላይ ያባዛዋል። ጠያቂ ወደሌለበት በር አይልክም።”

“የክፍሎቹ ስም ዝርዝርስ?”

“ላኪው ዘንድ የለም ጌታዬ። አያስፈልገውም።”

እዚህ ላይ ተበላሸ። ስም ዝርዝር የሌለው መላላክ! መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ሌባ አዩዋት።

“የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት ለሰው የሚላከው በስሙ ነው። የዱሮው ምን ጎደለው?”

የዱሮው ዩኒካስት ነው። ራውተሩ ፓኬቱን፣ ማለትም የመረጃውን ቁራጭ፣ “ወዴት ነህ?” ይለውና ወደዚያው በሚወስደው በር ይሸኘዋል፤ አንድ ላኪ፣ አንድ ተቀባይ። ለግል መልእክት ሸጋ ነው። ለስልሳ ክፍል ሲሆን ግን ያንኑ ቪዲዮ ስልሳ ጊዜ መላክ ይመጣል። በመልቲካስት ራውተሩ በቅድሚያ “ከየት መጣህ?” ይላል። ፓኬቱ ወደ ምንጩ በሚወስደው በር ካልገባ ይጥለዋል፤ አለዚያ ቅጂው ዞሮ ተመልሶ፣ እንደገና ተባዝቶ መስመሩን ያጥለቀልቀዋል። እትዬ ገመድ ይህንንም ሥዕል ስላ አስረዳች። ኃላፊው ሥዕሉ ላይ “ታይቷል” ብለው ፈረሙበት።

አራት ደብዳቤ፣ አራት “ታይቷል”። ውሃ ወቀጣ።

ቤቷ ገብታ ለቧንቧ ሠራተኛው ባሏ ነገረችው። እሱ ካልሲውን አውልቆ ሳይጨርስ ገባው።

“ታዲያ እኔ ለስልሳ ቤት ከታንከሩ ስልሳ ቧንቧ እጎትታለሁ? አንድ ወፍራም ዘርግቼ ደጃቸው ስደርስ ቅርንጫፍ አወጣለሁ እንጂ!”

“ያንተ ውሃ ሲከፋፈል ይቀንሳል። የኔ እኮ አይቀንስም፣ ይባዛል።”

“ጭራሽ የተሻለ ነዋ! ሰውየው ምን ነካው?”

“ፊርማ።”

ባሏ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ጥላው ወደ ጓዳ ገባች።

ቀኑ ደረሰ። መርሐ ግብሩን ኃላፊው ራሳቸው በንግግር ከፈቱ። ስልሳው ቅጂ አንዱ መስመር ላይ ተጋፋ። የኃላፊው አፍ በስልሳ ስክሪን ላይ እንደተከፈተ ደርቆ ቀረ፤ ድምፃቸው አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ሠልጣኞቹ ሳቁ። የመቀሱ ወሬም ከዚያው ሳቅ ተፈለፈለ።

በማግስቱ ለጥያቄ ተጠራች።

“ለምን ቀድመሽ አላሳወቅሽም?” አሉ ኃላፊው።

አራቱን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው።

“ታይቷል ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም።”

“ተከልክሏል ማለትስ ነው ጌታዬ?”

“እሱንም አላልንም!” አሉና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯት።

በቦታዋ ከሌላ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ መጣ። ሰኞ ሥራ ጀመረ፤ ረቡዕ ስርጭቱ እንደ መስተዋት ጠራ። እትዬ ገመድ በግምጃ ቤቱ ስክሪን እያየች አምፖል ትቆጥር ነበር።

“ጎበዝ ነው ባክሽ!” አለች የግምጃ ቤቷ ኃላፊ። “መልቲ ምናምን የሚሉትን በሁለት ደቂቃ ነው አሉ የከፈተው።”

“ፈቃዱን ማን ፈረመለት?”

“የምን ፈቃድ? ሰውየው ገና መጤ! የቤቱን ደንብ መች አወቀና እትዬ።”

እትዬ ገመድ የያዘችውን አምፖል ቀስ ብላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰች። ስክሪኑ ላይ ኃላፊው አዲሱን ሰው ጨብጠው ያመሰግናሉ፤ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንጋጦ ያጨበጭባል።

“እኔም ደንቡን ባላውቀው ኖሮ እዚያው ነበርኩ ማለት ነዋ?” አለች።