ሽብሩ ያልከፈተው ፖስታ

ሽብሩ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ከነሕይወቱ ተቀብሮ ወጥቷል። ዶዮገና አጠገብ የቀበሌው ሰው የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ቀጭን ነው ተብሎ በገመድ ወደ ታች የወረደው እሱ ነበር። ግድግዳው ተናደና እስከ ደረቱ ዋጠው። ከላይ የቆሙት ማን ይውረድ እያሉ መማከር ያዙ። ሽብሩ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ቀጥቃጭ ማረሻና ቢላ ይሠራል እንጂ ከሌላው ሰው ጋር ከአንድ ገበታ አይቀርብም፤ እጁን የሚጨብጠውም የለም። ምክሩ ሳያልቅ አባቱ ከገበያ ደረሰ። ብቻውን ወርዶ እስኪመሽ በእጁ እየጫረ አወጣው። የልጁ ግራ እግር ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አልሄደም።

ካደገ በኋላ ሆሳዕና ገባ፤ ሥራውም ያንኑ ውኃ ማውጣት ሆነ። የከተማ ፓምፕ ሲበላሽ ይጠሩታል። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ይተክልና እጀታውን ከጆሮው አስጠግቶ ያዳምጣል። ከዚያ ይህ ኩሽኔታው ነው፣ ያ ደግሞ ውኃ አጥቶ አየር የሚጠጣ ነው ይላል። ሲሳሳት አላየሁም።

ሽብሩ ሲጀምር ጠጋኝ የሚከፈለው እንደ አፈር ዛቂ በቀን ነበር። ዛሬ ከቦኖሻ እስከ ዱራሜ የሚበላሸው በዝቶ የሚጠግነው አንሷል። ፓምፑ፣ ጄኔሬተሩ፣ ባጃጁ፣ ወፍጮው ሁሉ ሰው ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት የጠጋኝ ደመወዝ ጨመረ፤ ከደመወዙ ጋር ስሙም ተለወጠና “የጥገና ባለሙያ” ተባለ። ድሮ ብረት የነካ እጅ ይጸየፉ የነበሩ ቤተሰቦች ዛሬ ልጆቻቸውን ለዚሁ ሙያ ኮሌጅ ይልካሉ። ደግ አደረጉ። ግን የሙያው ስም ሲያድግ የነባሮቹ ስም አብሮ አላደገም።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ሽብሩ በዚያ የውኃ መሥሪያ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በቀን ሒሳብ ሠራ። ሆሴዕ የሚባል ጎልማሳ ፓምፕ አስነሺ ሆኖ ሲቀጠር፣ ሞተር እንዴት እንደሚፈታ ያሳየው ሽብሩ ነው። ሆሴዕ ትልቅ ዘር ከሚባለው ወገን ነበር። አንድ ቀን ሥራ ሲጨርሱ ሽብሩን ተከትሎ ቤቱ ገባ። የሽብሩ ሚስት ገነቴ ትኩስ ቆጮ በቅቤ አቀረበች፤ እሱም እጁን ታጥቦ ከሽብሩ ጋር ከአንድ ሳህን በላ። ገነቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከዘመድ በቀር በዚያ ቤት የበላ ሰው አልነበረምና።

ሆሴዕ በኋላ ተምሮ የጥገና ቡድን መሪ ሆነ። ሽብሩም ሃምሳን ካለፈ ወዲህ እሑድ ከጸሎት በኋላ እኔ በማስተምረው የጎልማሶች ትምህርት አጠገቤ ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። የሙያ ምዘናውንም ወስዶ አለፈ።

አምና መሥሪያ ቤቱ ለፓምፕ ጥገና ባለሙያ የቋሚ ቅጥር ማስታወቂያ ለጠፈ። ሽብሩ ቆሞ ጣቱን እያስከተለ ሲያነብ አንዱ ወሬኛ፣ “ጋሼ ሽብሩ፣ ወረቀቱን ገልብጬ ልለጥፍልህ?” አለው።

“አንተ ተገልብጠህ ቁም፤ ለእኔ ቀና ነው” አለው ሽብሩ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

የጎደለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ የሚጽፈውም ሆሴዕ ነው። ሆሴዕ በደስታ ተቀብሎት፣ ጽፎ፣ ማኅተም አስደርጎ በታሸገ ፖስታ ሰጠው። ሽብሩ ፖስታውን ሦስት ቀን ቤቱ አቆየው። ገነቴ ክፈተውና አንብብልኝ ብትለው፣ የታሸገ የሰው ደብዳቤ አይከፈትም፣ ደግሞ የጻፈው ሆሴዕ ነው አላት።

የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ራሄል ከፍታ አነበበችና አንገቷን ደፋች። ቆይታ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው፤ ራሱ አነበበው። “አቶ ሽብሩ በብረት ቅጥቀጣ ሙያቸው አልፎ አልፎ የጉልበት አገልግሎት ሰጥተዋል” ይላል። ፓምፕ የሚል ቃል አልነበረበትም። በዚህ ልምድ ልመዘግብዎት አልችልም አለችው።

በቀጥታ ሆሴዕ ቢሮ ሄደ። ሆሴዕ መጀመሪያ ቅጹ ነው፣ ጸሐፊዋ ናት ሲል ቆየ። ሽብሩ ዓይን ዓይኑን ሲያየው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ አትቀየመኝ። ባለሙያ ብዬ ብጽፍህ በደረጃ እኩያዬ ትሆናለህ። ሰዉ ምን ይለኛል?” አለው።

ሽብሩ በሩን ከፍቶ ወጣ። ቦታው ከኮሌጅ ለመጣ ወጣት ተሰጠ። በልጁ ላይ ክፉ አልናገርም፤ ምንም አያውቅም ነበር።

በሁለተኛው ወር ፓምፑ ቆመ፤ ወጣቱም አቃተው። ቢጫ ጀሪካን ከቦኖው ፊት ተሰልፎ ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ ሆሴዕ መኪና ላከ። እኔ አትሂድ ብዬ ነበር። ሽብሩ ሄደ፤ እንደ ልማዱ አዳመጠ፣ ኩሽኔታውን ቀየረ፣ ውኃው መጣ። ሆሴዕ ምሳ አብረን እንብላ ብሎ ለመነው። ሽብሩ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የቀረብህ ደመወዝ ነው ወይስ ስምህ፣ የትኛው ይቆጭሃል ብዬ ጠየቅሁት።

“ደመወዙ ይቅር፤ ሳላገኘው ኖሬያለሁ። ቀጥቃጭ መባሉንም አባቴ ተብሏል፤ ከጉድጓድ ያወጣኝ የቀጥቃጭ እጅ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ ሳህን ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቶ ሲበላ ወድዶኝ ነበር፣ ወይስ ሞተር መፍታት ሊማር? ገነቴ አሁንም እያነሣች ትጠይቀኛለች።”