ከመርዶው በፊት የጠገንኳቸው ማሽኖች

ወንድሜ ሳዑዲ ላይ መሞቱን የቆቦ ሰው ሁሉ ሰምቶ እኔ ሳልሰማ ሦስት ቀን አለፈ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የጌም ማሽን ስጠግን ነበር። እንደዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶልኝ አያውቅም። እንደዚያ ሰሞንም ስቄ አላውቅም፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ታላቄ። ሱቃችን ከመናኸሪያው ጀርባ ናት፤ ቴሌቪዥንም ዲሽም እንጠግናለን። የእሱ ፍቅር ግን የድሮዎቹ የጌም ማሽኖች ነበሩ። ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው በሻንጣው ይዟቸው ይመጣል፣ ጌም ቤቶች ይገዟቸዋል። የተሠሩት ለሌላ አገር ስለሆነ የየትኛውንም አገር ዲስክ እንዲያነቡ ሆዳቸው ተከፍቶ ቺፕ ተበይዶባቸዋል። ዲስኩንስ ያነባሉ፤ ጣጣው ምስሉ ላይ ነው። ማሽኑ የሚልከው የቀለም ምልክት ቴሌቪዥኑ ከሚያውቀው ጋር አልገጥም ይልና ሜዳውም ተጫዋቹም ግራጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዳንዱ ጭራሽ ምስሉ ወደ ላይ እየሮጠ አልቆም ይላል። ወንድሜ የቀለሙን ምት የምትወስነውን ትንሿን ክሪስታል ቀይሮ፣ አንዲት ቀጭን ሽቦ ከቦርዱ ጥግ ወደ ቺፑ ሲያሻግር ቀለሙ ቦግ ይላል። ያን ጊዜ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ያጨበጭባል።

በአፋር በኩል አድርጎ ወደ ሳዑዲ ከሄደ በኋላ ሱቁን ለብቻዬ ያዝኩት። የሽቦውን ነገር ግን በቅጡ አልተማርኩም ነበር። ሲቸግረኝ የቦርዱን ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ፣ ከሥራ ሲወጣ በድምፅ ይመልስልኛል። "አንተ ደንቆሮ፣ ከግራ ሦስተኛው ነው አላልኩህም!" ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ግን ሃያ ጊዜ ብጠይቀው ሃያ ጊዜ ያስረዳኛል።

ረቡዕ ጠዋት ጌም ቤት ያለው የወንድሜ ጓደኛ ሁለት ማሽን ታቅፎ መጣ። አብሮ አደጉ ነው፤ እሱ ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም፣ ግን ዒድ በመጣ ቁጥር ከገበታችን ጠፍቶ አያውቅም። "ቀለም የላቸውም፣ ዛሬውኑ ድረስልኝ" አለኝና ከጎኔ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። የራሱን ቤት ዘግቶ እኔ ጋ ዋለ። ምሳ እንኳ ከሆቴል አስመጣ እንጂ ወደ ቤት አላስኬደኝም። "ምን ተገኘ ዛሬ? ልታገባ ነው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አቧራ ነው አለኝ፤ ቆቦ ላይ አቧራ መች ጠፍቶ ያውቃል፣ አመንኩት።

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ነው። ወሬው ማክሰኞ ማታ ሲመጣ አባቴ ፍየል ሊገዛ ወደ አፋር ወርዶ ነበርና እሱ ሳይመለስ ቤተሰቡ እንዳይሰማ ተመካከሩ። እናቴን ጎረቤቶቿ በበርበሬ ቅንጠሳ ያዟት። እኔን ለወንድሜ ጓደኛ ሰጡት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሐሙስ ሦስተኛ ማሽን አመጣልኝ። ከፍቼ ሳየው ሽቦው በጉጠት ተቆርጧል፤ የተቆረጠበት ገና ያብረቀርቃል። "ይሄን የነካ አህያ ማነው?" ብዬ ጮህኩ።

"እንጃ፣ ልጆች ይሆናሉ" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ሥራ ፈትቼ ወደ ውጭ እንዳልወጣ ብሎ የገዛ ማሽኑን ሽቦ በገዛ እጁ ቆርጦት ነበር።

ያ ማሽን አናቴን አዞረው። ክሪስታሉን ቀየርኩ፣ ግራጫ። ሽቦውን ቀጠልኩ፣ ምስሉ ይሮጣል። ለወንድሜ ፎቶ ላክሁ፤ አልደረሰውም። ደግሜ ላክሁ። ዓርብ ከጁምዓ ስወጣ ሰው ሁሉ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይጨብጠኝ ነበር፤ ምን ነካቸው ብዬ አለፍኩ። ሱቅ ስገባ አሁንም መልስ የለም። እኔ ግልፍተኛ ነኝ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና፣ "አንተ፣ ሪያል ስትቆጥር ረሳኸን አይደል? ከእንግዲህ ወንድም አለኝ እንዳትል!" ብዬ ላክሁለት።

ጓደኛው አጠገቤ ነበር። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ "የኔ ስልክ ካርድ አልቆበታል፣ ያንተን አውሰኝ" ብሎ ወሰደብኝና አልመለሰልኝም።

ከሰዓት በኋላ የሽቦውን ቦታ በራሴ አገኘሁት። ሜዳው አረንጓዴ ሆነ። ያለ ወንድሜ ስችል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ንዴቴ ሁሉ ጠፍቶ ዘልዬ ጓደኛውን አቀፍኩት። "ያለ አንተ ቻለ በለው! ንገርልኝ!" አልኩት። እሱም አጥብቆ አቀፈኝ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚስቅ መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ማታውን ተመልሷል። ሼኩ ከፊት፣ ጓደኛው ከኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ግቢውን ሞሉት። "አብሽሩ፣ አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው" አሉ ሼኩ፤ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።" የቀረውን አልሰማሁም። የእናቴን ጩኸት ብቻ ሰማሁ። እዚያው ሳዑዲ ቀብረውት ነበርና አፈር እንኳ አላለበስነውም።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ጓደኛው ስልኬን ሊመልስልኝ መጣ። "የሞተ ሰው ስሰድብ ቁጭ ብለህ ሰማኸኝ" አልኩት። "እንዴት አስቻለህ?"

"ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር" አለኝ። "ግን ተቆጥተህበት አየሁህ። ሰው የሚቆጣው በሕይወት ያለ ወንድሙን ነው። ያቺን ቁጣ ልቀማህ አልቻልኩም።"

ስልኬን ተቀበልኩት። ይቅር ልበለው ወይስ አልበለው፣ ዛሬም አላውቅም። ሱቄን ከፍቻለሁ፣ ማሽኖቹም ይመጣሉ፤ አሁን የሽቦውን ቦታ ማንንም አልጠይቅም። ከዚያ ማለዳ ወዲህ ወንድሜን አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቼው አላውቅም።