ሰይፈኛው ፀጉር አስተካካይ

ከሚስማር ፋብሪካው ጀርባ ባለው መንገድ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚምልላችሁ፣ ፀጉር አስተካካዩ ካራቴና ሰይፍ የተማረው ጃፓን ነው። ያውም እንደ ተራ ሰው በርና መስኮት ባለው ቤት አይደለም፤ ደመና በወገብ በኩል በሚያልፍበት ተራራ ላይ፣ ፂሙ መሬት ከሚጠርግ ሽማግሌ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ሽማግሌው ሊሞት ሲል ሰይፉን አወረሰው። በዚያ ሰይፍ አንዲት ዝንብ በአየር ላይ እንዳለች ለሁለት ሰነጠቃት፤ ሁለቱ ግማሾችም መቆረጣቸውን ሳያውቁ በየፊናቸው በረው ሄዱ።

ይህቺ ዝንብ አትታመንም። ሰውዬው ተራራ ላይ በከረመበት ዘመን የሰፈሩን ፀጉር ማን ቆረጠው? ሱቁ ተዘግቶ ያየ የለም፣ ፀጉሩ ጉልበቱ ላይ ወርዶ የተደናቀፈበት ጎረቤትም አልተሰማም። የሽማግሌው ውርስ የተባለው ሰይፍ ደግሞ የቤት ጌጥ ከሚሸጥበት ሱቅ መስኮት ላይ፣ በፕላስቲክ አበባና በግድግዳ ሰዓት መሃል ሲያንቀላፋ ሁሉም አይቶታል። ሳሙና እንኳ ቢያቀርቡለት አስቦበት ነው የሚቆርጠው። ግን ወሬ ምስክር አይፈልግም፤ ሥራ ፈት አፍ ካገኘ ይበቃዋል፤ በዚያ መንገድ ደግሞ እሱ ሞልቶ ተርፏል።

እውነቱ ከዝንቧም ያነሰ ነው። ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከፊት ግድግዳውን የሞላ መስታወት፣ ከኋላ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከአግዳሚው በላይ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በመስታወቱ እያየ እንዲጽናና። አንድ ደንበኛ የጃፓን ካራቴና ሰይፍ ማስተማሪያ ሲዲ ረስቶ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ከፈተው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ዘፈን የሚባል ነገር አልተሰማም። መቀሱን እያንቀጫቀጨ፣ ጀርባውን ለካሜራ ሰጥቶ የሚያሠራውን አስተማሪ በመስታወት ያያል። ደንበኛው ሲወጣ ወንበሩን ገፋ አድርጎ፣ መጥረጊያውን አንስቶ ይከተለዋል።

ለምን ዞር ብሎ ቀጥታ አላየም? ምላጭ የሰው ጉሮሮ ላይ አሳርፎ ወደ ኋላ የሚዞር ፀጉር አስተካካይ ደንበኛ አይበረክትለትም። ሥራ ሲፈታም ልማዱ አልለቀቀውም፤ ሚስቱን እንኳ በር ላይ ስትቆም በመስታወት ነው ሰላም የሚላት። መስታወት ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ እንደሚያሳይ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? የሰው ጆሮ ሳይቆርጥ የኖረው ይህንኑ አውቆ ነው። ሰይፍ ላይ ሲደርስ ግን ዕውቀቱ ጥሎት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ጃፓንኛ ነው፤ ይቅና ይገልበጥ ማን ይለየዋል?

እንዲህ ተምሮ ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያለውን አዳራሽ ተከራየና ካራቴና ሰይፍ አስተማሪ ሆነ። የመጡለትን ተማሪዎች እግዜር ያሳያችሁ! ከደረጃው ግማሽ ላይ አረፍ ብሎ ትንፋሹን የሚሰበስብ ፋርማሲስት፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ሰላምታ የሚሰጥ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፉ የማያርፍ የኢንሹራንስ ሠራተኛ። አህያ ላህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሰበርም እንደሚባለው፣ ሲደባደቡ ውለው ጭረት እንኳ ሳይኖራቸው እየተደጋገፉ ይወርዳሉ፤ ታች ሲደርሱ ግን የጎማ ጠጋኙን ቁልቁል የሚያዩት ከመግደል ታቅበው እንደተዉት ሰው ነው።

ወሬውን የወለደው ኢንሹራንሱ ነው። «ማስተር፣ ይሄን ሁሉ የት ተማሩት?» ሲል ጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። «ማስተር» የምትለዋ ቃል አንጀቱ ገብታ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ «አንተ ፀጉር ቆራጭ» ሲባል ለኖረ ሰው ቀላል አይደለችም። ኢንሹራንሱ የዝምታውን ቀዳዳ በተራራና በሽማግሌ ደፈነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በዚህኛው የተዘጋ አፍ ግን ዝንቧ ለሁለት ተሰንጥቃ ገባች።

የተማሪዎቹን ነጭ ልብስ የሰፋችው ሚስቱ ናት። «አንተ ሰውዬ፣» አለችው ሲለካ፣ «ቀኙን በግራው ላይ ደርበኸዋል። እንዲህ የሚደረበው የሴት ልብስ ነው።»

«አንቺ ስለ ጃፓን ምን ታውቂያለሽ?»

«አንተስ?» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ነገሩ በዚሁ ተድበስብሶ በኖረ፤ ኢንሹራንሱ ግን ማረፍ አያውቅም። አንድ ደንበኛው፣ የፋብሪካውን ማሽን ሊተክል የመጣ ጃፓናዊ መሐንዲስ፣ አብረውት የመጡት እናቱ በአገራቸው ሰይፍ ያስተምሩ እንደነበር ነገረው። ኢንሹራንሱ እየሮጠ መጣ። «ማስተር! እማማን አመጣቸዋለሁ፣ ያዩዎታል! ‹አይቻለሁ፣ ትክክል ነው› ብለው ቢፈርሙልን በራችን ላይ እንለጥፋለን! ከዚያ ወዲያ ማን ፀጉር ቆራጭ ይልዎታል?»

ፀጉር አስተካካዩ እምቢ እንዳይል ወሬው ያዘው፤ እሺ እንዳይል እውነቱ። ወሬው አሸነፈ።

አሮጊቷ ከሲታ፣ ጎበጥ ያሉ፣ ቋንቋውን እየቆራረጡ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ተማሪዎቹ ተሰልፈው እጅ ነሱ። አሮጊቷ አዩአቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ኧረ ማንም!» አለ ኢንሹራንሱ፤ ሞት ሲባል በሙያው ይደነግጣል። «ምነው እማማ?»

«እኛ አገር፣ ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል። ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው። ሲገነዝ።»

ፋርማሲስቱ ደረቱን አየ። ሹፌሩ ሆዱን አየ፣ ከዚያ በታች ማየት አይችልም። ያን ሁሉ ወራት ተገንዘው ሲራገጡ ከርመዋል። ከበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ።

«እኔ እኮ የሴት ነው ያልኩት፣» አለች ሚስቱ። «ለካ አሳንሼው ኖሯል!»

አሮጊቷ ፀጉር አስተካካዩ ሰይፉን እንዲያሳያቸው በእጃቸው ጠቆሙ። ከቀኝ ወገቡ ላይ በግራ እጁ መዘዘ፤ አንድ ጊዜ ቆረጠ። አየሩ ፉጨት አሰማ። አሮጊቷ ዞሩት፤ ትከሻውን በጣታቸው ነካ አደረጉ፣ ጉልበቱን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ትከሻው ጥሩ። ጉልበቱ ጥሩ። ሰውየው ግን ተገልብጧል። ሰይፍ በግራ ወገብ ነው። ግራኝ እንኳ በቀኝ ይማራል።» ቀና አሉ። «መምህርህ ማነው?»

ኢንሹራንሱ ከመቅጽበት መሃል ገባ። «ምስጢሩ እሱ ነው እኮ እማማ! የተራራው ሽማግሌ ግራኝ ነበሩ! ጠላት በቀኝ ሲጠብቅ በግራ ነው የሚመጡት! ልብሱም ታስቦበት ነው፤ ሰይፈኛ መግነዙን ለብሶ ነው የሚወጣው፣ ሞትን ንቋል ማለት ነው!»

አዳራሹ ተነፈሰ። ፋርማሲስቱ በአንድ አፍታ ከሬሳነት ወደ ጀግንነት ተሻገረ፤ ሹፌሩ ሆዱን ነፋ። የሞኝ ጉባኤ እንደ ተመቸ ውሸት የሚወደው ምን አለ!

አሮጊቷ በትህትና አደመጡ። «እንዲያ ከሆነ የምለው የለኝም። መምህር ያለውን ሰው ሌላ መምህር አይነካውም። ነውር ነው። ወረቀታችሁ ላይ እፈርማለሁ፣ እሄዳለሁ።» ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ እንዳሉ ጨመሩ፦ «መምህር ባይኖረው ሰኞ ጠዋት ይምጣ እለው ነበር። ወለል ይጠርጋል። ከዚያ ከልብስ አደራረብ እንጀምራለን።»

ፀጉር አስተካካዩ ሰይፉን እንደያዘ ቀረ። ፊርማው በሩ ላይ ሲለጠፍ ታየው፤ «ማስተር» እየተባለ፣ ሬሳ እያሠለጠነ ሲያረጅ ታየው። በዚህ ሁሉ ቱልቱላ ውስጥ ወሬኞቹ ያልደረሱባት አንዲት እውነት ነበረች፦ ሰውዬው ሰይፍ ይወድ ነበር። ያ ትከሻ ጥሩ የሆነው ፀጉር እየጠረገ፣ ማንም ሳያየው ነው። ትከሻውን ነክቶ ጥሩ ያለው የመጀመሪያው ሰው ደግሞ አሁን ጫማ እያደረገ ነው።

«ይንገሯቸው እንጂ ማስተር!» አለ ኢንሹራንሱ። «ተራራው! ሽማግሌው! ዝንቧ!»

ፀጉር አስተካካዩ ሰይፉን ወደ ሰገባው መልሶ፣ ከእነሰገባው ከቀኝ ወገቡ አውጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ጃፓንን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣» አለ። «ተራራ አልወጣሁም። ሽማግሌ የሚባል የለም፣ አልነበረም። ሰይፉን የገዛሁት ከጌጥ ሱቁ ነው። የተማርኩት ከፀጉር ቤቴ መስታወት ነው፤ መምህር የለኝም። ዝንብ ደግሞ እንኳን በሰይፍ በፎጣም መትቼ አላውቅም።»